የአያ እንድሪስ ሰልባቲዮ

ወልድያ ላይ መንጃ ፈቃድ ያወጣ ሰው ሁሉ ስድቤን ያውቀዋል። ከጦርነቱ በፊትም፣ አሁንም ሥራዬ መንዳት ማስተማር ነው። ሴት አስተማሪ ስለሆንኩ ወንዶቹ ገና መሪው ላይ ሳይቀመጡ «ትችላለች እንዴ?» ይባባላሉ። ጎንደር በር ዳገቱ ላይ ማርሽ ጠፍቶባቸው መኪናው ወደ ኋላ ሲንሸራተት ግን «ፋጤ፣ በአላህ!» እያሉ ክንዴን ይይዛሉ። እኔም አልምርም። «ፍሬኑ እግርህ ሥር ነው፣ እኔን ምን ትጨብጠኛለህ!» እላቸዋለሁ። አፌ ክፉ ነው፣ አውቀዋለሁ። ይህን የምነግራችሁ ወደፊት የምናገረው ሲመርራችሁ በእኔ እንዳትደነቁ ነው።

ያኔ የማስተምርበት መኪና አሮጌ ነበር። የነዳጅ ጌጁ ግማሽ እያሳየ መንገድ ላይ ቀጥ ይልብኝ ነበር። አንድ ቀን ተናድጄ ኤሌክትሪሺያኑ ተስፋዬ ዘንድ ወሰድኩት። ተስፋዬ ምንም ሳይፈታ መሪው ላይ ቁጭ አለና፣ የኪሎሜትር ማጥፊያዋን ትንሽ ቁልፍ በጣቱ ተጭኖ ይዞ ሞተሩን ሳያስነሳ የመኪናውን ቁልፍ አዞረ። ሱብሐነላህ! የዳሽቦርዱ መብራት ሁሉ በራ፤ የፍጥነቱም፣ የሙቀቱም፣ የነዳጁም ጠቋሚ እስከ ጫፍ ወጥተው ተመለሱ። ከዚያ ኪሎሜትር በምታሳየው ትንሽ መስኮት ላይ አይቼው የማላውቀው ቁጥር መጣ። ቁልፏን አንድ ጊዜ ሲነካት ሌላ ቁጥር፣ ደግሞ ሲነካት ሌላ።

«ይሄ ለእኛ ለሠራተኞች የተደበቀ ነው» አለኝ። «መኪናው ራሱን ሲመረምር ነው። ይችን እይ፤ ሰልባቲዮው፣ የነዳጅ ጋኑ፣ ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ የሚናገረው ቁጥር ናት። ነዳጅ ሲያልቅ ቁጥሩ ይወርዳል እንጂ አይጠፋም። ሽቦው ከተቆረጠ ግን የሚናገር ስለሌለ ሰረዝ ብቻ ነው የምታወጣው። ጠቋሚው ላይ ብታይ ሁለቱም ያው ባዶ ነው የሚሉሽ። እዚህ ግን ይለያሉ።»

ሁሉም መኪና እንዲህ አያደርግም፤ የሚያደርግ ሳገኝ ግን ለተማሪ ማሳየት እወድ ነበር። መብራቱ ሲርመሰመስ ጎረምሳው ሁሉ እንደ ሕፃን ይስቃል። ከሳቅ ሌላ ነገር ላይ ይውላል ብዬ አስቤ አላውቅም።

እንግዲህ ያ ነሐሴ መጣ። ወልድያ ላይ የመድፉ ድምፅ እየቀረበ ሲመጣ ሁለቱን ልጆቼን ይዤ መርሳ አባቴ ቤት ገባሁ። ባሌ የጂቡቲ መስመር ከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ኔትወርክ ከተቋረጠ ወዲህ በሕይወት መኖሩንም አላውቅም ነበር። አባቴ፣ አባባ ይመር፣ ከመርሳ ከተማ ወጣ ብሎ መንገዱ ዳር የማንጎ ማሳ አላቸው። ጦርነቱ ከመድረሱ በፊት ማንጎ ላይ ወጥተው ወድቀው ጭናቸው ተሰብሯል። በዚያ ዕድሜ ማን ውጡ አላቸው! ከወገብ በታች ጀሶ ታስረው፣ በረንዳው ላይ አልጋ ተዘርግቶላቸው፣ የሚያልፍ የሚያገድመውን ሰላም እያሉ ይውላሉ። መቆም ቀርቶ መገልበጥ አይችሉም ነበር።

መርሳ ሁለት ሌሊት እንኳን በቅጡ አልተኛንም። አንድ ጠዋት ከተማው ሁሉ ይነቀላል። አህያ የጫነ፣ ልጅ ያዘለ፣ ፍራሽ የተሸከመ፣ ሁሉም ወደ ውርጌሳ። እኔ ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል አንድ ነገር ብቻ ነበር የምፈልገው፦ አባቴን የሚያስተኛ መኪና።

መኪና ደግሞ ነበረን። የባሌ ታላቅ ወንድም፣ ዋርሳዬ እንድሪስ፣ መርሳ ላይ የበርበሬ ነጋዴ ነው፤ የራሱ ፒካፕ አለው። በሰርጌ ቀን «ልጅዎን እንደ ልጄ አያታለሁ» ብሎ የአባቴን ጉልበት የሳመ እሱ ነው። ያን ጊዜ «አያ እንድሪስ» እና «አንቱ» ነበር የምለው። አሁን እንኳን አንቱ፣ ስሙንም የማነሳው ታሪኩ ግድ ስላለኝ ነው።

ፒካፑን በራችን ላይ አቁሞ ጥሩምባ ነፋ። ጋቢናው ውስጥ ሚስቱ ከዲጃ ተቀምጣለች፤ ልጆቻቸውን አስቀድመው ደሴ ሰደዋል። ከኋላ ሸራ የለበሰ ጭነት አለ።

«አያ እንድሪስ፣ አላህ ይስጥዎ! ከኋላ ፍራሽ ዘርግተን አባባን እናስተኛቸው» አልኩ።

«ፋጤ፣ ነይማ ይኸን እይ» አለኝ። በሩን ከፍቶ ቁልፉን አዞረ። የነዳጁ ጠቋሚ ከቀዩ መስመር በታች ተጋድሟል፤ ንቅንቅም አላለ። «አየሽው? ባዶ ነው። ውርጌሳ ካደረሰን አልሐምዱሊላህ ነው። የተሰበረ ሽማግሌ ጭኜ ዳገቱ ላይ ቢቆምብኝስ? በዚህ ዝናብ ሜዳ ላይ ላሳድራቸው?»

«ይሄስ ጭነት?»

«ልብስና የቤት ዕቃ ነው፣ ቀላል ነው። ስሚኝ፤ አሁን ሴትና ልጅ ውርጌሳ ላድርስ። እዚያ በጀሪካን ናፍጣ የሚሸጥ የማውቀው ሰው አለ። እቀዳለሁ፣ ዕቃውን አራግፋለሁ፣ ባዶውን መኪና ይዤ ለአባባ እመለሳለሁ።»

«ወላሂ ይበሉኝ።»

«ኢንሻአላህ» አለ።

እንድሪስ ማለት ለአንድ እፍኝ በርበሬ ወላሂ የሚል ሰው ነው። ገበያ ላይ ምላሱ ከወላሂ አይለይም። ያን ቀን ግን ኢንሻአላህ ብቻ አለ። ጆሮዬ ሰምቶታል፤ እኔ ግን ልጆቼን ልሰብስብ፣ የአባቴን መድኃኒት ላስቀምጥ፣ ይሄን ላንሳ ያን ልጣል ስል ልብ አላልኩትም።

አባቴ ከበረንዳው ሁሉንም ይሰማሉ። «አንች ልጅ!» ብለው ተጣሩ። «ሰውየው ባዶ ነኝ እያለሽ ምን ታስጨንቂዋለሽ? ልጆችሽን ይዘሽ ሂጅ!»

«አንቱን ጥዬ የት ነው የምሄደው?»

«እኔ የት እጠፋለሁ? እንደ በሬ አስረውኝ!» ብለው ጀሶውን መታ መታ አድርገው ሳቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጅሽ ሐያት ኮረዳ ናት፤ መሣሪያ የያዘ ሰው በሚመጣበት ቤት አታቆያት። እንድሪስ ይመለስልኛል። አንች እዚህ ብትቀመጭ እግሬን አትጠግኝው።»

ጎረቤታችን እትዬ አስካለ በአጥራቸው በኩል ብቅ ብለው፣ «እኔ ላሞቼን ጥዬ የትም አልሄድ፤ ለአባትሽም ውኃም ምግብም አላጎድልባቸውም። አብሽሪ፣ ሂጅ» አሉኝ። ክርስቲያን ናቸው፤ ግን አብሽሪ ማለትን ከእኛ ከተማሩ ዕድሜ ልካቸው ነው።

እንድሪስ ወደ በረንዳው ጠጋ ብሎ የአባቴን እጅ ሳመ። «እንግዲህ ነዳጁን ካጣህ አትጨነቅ» አሉት አባቴ። ይኸን ቃላቸውን እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። እሱም አንገቱን ደፍቶ «ኢንሻአላህ አላጣም» አለ።

እኔና ልጆቼ ጋቢናው ውስጥ ከከዲጃ ጋር ተጨናንቀን ሄድን። ዞሬ ሳይ አባቴ እጃቸውን እያወዛወዙ ነበር።

መንገዱ ሰው በሰው ነው። መኪናው ከእግረኛ እኩል ነው የሚሄደው፤ ትንሽ ይሄዳል፣ ይቆማል። እኔ መኪና ውስጥ ስቀመጥ ዝም ብዬ መቀመጥ አልችልም፤ የሥራ ልማድ ነው፣ የሌላውን ሰው እግርና እጅ አያለሁ። እንድሪስ በቆመ ቁጥር ሞተሩን አያጠፋም። ነዳጅ የሌለው ሹፌር እንዲህ ያደርጋል? ነዳጅ የሌለው ሹፌር ቁልቁለት ሲያገኝ በነፃ ይለቃል፣ ሰልፍ ላይ ያጠፋል፣ ጠቋሚውን እንደ ታማሚ ልጅ ደቂቃ በደቂቃ ያያል። ይሄ ሰውዬ ጠቋሚውን አንድ ጊዜም አላየም።

«አያ እንድሪስ፣ ሞተሩን ያጥፉት እንጂ፣ ነዳጁ…»

«ባትሪው ደካማ ነው፤ ካጠፋሁት አይነሳም።»

ግን ሌላም ነገር ነበር። ጠቋሚው ከቀዩ በታች ወድቆ፣ ነዳጅ ሲያልቅ የምትበራዋ ቢጫ መብራት አልበራችም። አምፖሏ ተቃጥላ ይሆናል አልኩ ለራሴ። ሰው የሚያምነውን ሰው ላለመጠርጠር ስንት ምክንያት ይፈልጋል!

ውርጌሳ መግቢያ ላይ መንገዱ ጭራሽ ተዘጋ። ከፊት አንድ የጭነት መኪና ጭቃ ውስጥ ሰምጦ ሰው ይገፋል። እንድሪስ ሞተሩን አጠፋ። አዎ፣ ያንን ካጠፉት አይነሳም የተባለውን ሞተር! ቁልፉን ሰጠኝና «ዙሁር ልስገድ፤ የናፍጣውንም ሰውዬ ልጠይቅ። መንገዱ ከተንቀሳቀሰ አንች አስጠጊው፣ ሹፌር አይደለሽ?» ብሎ ወረደ።

ከጀርባው ትንሽ ካየሁት በኋላ ወደ መሪው ተሻገርኩ። የኪሎሜትር ማጥፊያዋን ቁልፍ በጣቴ ተጫንኩና የመኪናውን ቁልፍ አዞርኩ።

መብራቱ ሁሉ በራ። ጠቋሚዎቹ ተነሥተው እስከ ጫፍ ሄዱ፤ ባዶ የተባለው የነዳጁም ሽቅብ ወጥቶ ተመለሰ። ጌጁ ጤነኛ ነው ማለት ነው። ትንሹ ልጄ ሰሚር አጨበጨበ። «እማ፣ ድገሚው!»

«ምን እየሠራሽ ነው? የሰው መኪና እንዳታበላሽ!» አለች ከዲጃ።

ቁልፏን እየነካሁ ቁጥሮቹን አሳለፍኩ። አንድ፣ ሌላ፣ ሌላ። የነዳጁ ተራ ሲደርስ ሰረዝ ወጣ። አጠፋሁና እንደገና ሞከርኩ። ሰረዝ።

ሽቦው ተቆርጧል ማለት ነው። በሩን ከፍቼ ወረድኩ፤ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርኩና ጭቃው ላይ በጀርባዬ ተኝቼ ከመኪናው ሥር ገባሁ። ድንጋይ አንስቼ ሰልባቲዮውን አንኳኳሁት። ባዶ በርሜል እንዴት እንደሚጮህ ማንም ያውቃል። ይሄ አልጮኸም፤ ታፍኖ ድብ ድብ አለ። ከላይ በኩል በእጄ ስዳስስ ከተንሳፋፊው የሚመጣው ስፒና፣ የሽቦው መሰኪያ፣ ተነቅሎ ተንጠልጥሏል። ውኃ እንዳይገባው በፕላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ላዩ በማጣበቂያ ናስትሮ ተጠምጥሟል። የቸኮለ ሰው ሥራ አልነበረም። ተቀምጦ፣ አስቦ፣ አሳምሮ የሠራው ነው።

ናስትሮውን በጥርሴ ቀደድኩት። ስፒናውን ሰክቼ ወጣሁና ቁልፉን አዞርኩ። ጠቋሚው ከተኛበት ቀስ እያለ ተነሣ። ሩቡን አለፈ፣ ግማሹን አለፈ፣ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ቆመ። በዚያ ነዳጅ መርሳና ውርጌሳ ስንት ጊዜ ይመላለሳል መሰላችሁ! አባቴን ጭኖ ደሴ ገብቶ ይተርፋል።

«ታውቂ ነበር?» አልኳት ከዲጃን።

ሻሿን ወደ አፏ ሳበች። «እኔ የመኪና ነገር ምን አውቃለሁ» አለች፤ ዓይኗን ግን ከመስታወቱ አላነሣችም።

እንድሪስ መጣ። ጭቃዬን አየ፣ ከዚያ ጠቋሚውን አየ። ጀሪካን የሚባል ነገር በእጁ የለም።

«ይኼ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ፋጤ፣ ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ! ይኼ ምንድን ነው?»

«ለታጣቂ ብዬ ነው» አለ። «መንገድ ላይ ነዳጅ ያለው መኪና ካዩ አስወርደው ይወስዱታል። ሹፌር ሁሉ እንዲህ እያደረገ ነው፤ ማንንም ጠይቂ።»

«አባቴ ታጣቂ ናቸው? ጀሶ የታሰሩ ሽማግሌ መኪናህን ሊነጥቁህ ነው? እሳቸው ዘንድ ምን ያስዋሽሃል?»

አንተ ስለው የመጀመሪያዬ ነው። ሁለታችንም ሰማነው። አላረመኝም።

የሸራውን ጫፍ ገለጥኩት። ከታች እስከ ላይ የበርበሬ ጆንያ ነው። ልብስ የለ፣ የቤት ዕቃ የለ። እንድሪስም ያን ጊዜ ተናደደ። «አዎ፣ በርበሬ ነው! ዕድሜዬን የለፋሁበት ነው! መጋዘኑ ቢዘረፍ ነገ ልጆቼን አንች ታበያቸዋለሽ? ሽማግሌን ማን ይነካል? ዕቃዬን ግን አይምሩትም። ውጫሌ አራግፌ እመለስላቸው ነበር።»

«ወላሂ በላ!»

ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ዙሪያችንን ሰው ከቦናል። ወላሂ ማለት አቃተው። አላህን እንደሚፈራ ያኔ አየሁ፤ የፈራው ግን ለመሐላው ብቻ ነው።

«ከዲጃ፣ ልጆቼን ይዘሽ ውረጅ!» አልኩ። ወረደች። ሐያት ማልቀስ ስትጀምር «እዚህ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ጠብቁኝ፤ አባባን ይዤ እመጣለሁ» ብያት መሪው ላይ ወጥቼ በሩን ዘጋሁ። ደካማ የተባለው ባትሪ አልደከመም፤ ሞተሩ በአንዴ ተነሣ። እንድሪስ ሊያስቆመኝ ይሮጣል ብዬ ነበር። እሱ እቴ! ከኋላ ተንጠላጥሎ ጆንያዎቹን ማውረድ ጀመረ። መኪናውን እያዞርኩ እያለሁ እንኳን አንዱን ጎትቶ ጣለ። ገመዱ ተፈቶ የተቀረውም ተራ በተራ መንገዱ ላይ ተዘረገፈ፤ እሱም ዘሎ ወርዶ በጆንያዎቹ መሀል ቀረ።

ሰው ሁሉ ወደ ደቡብ፣ እኔ ብቻ ወደ ሰሜን። «የት ነው? ተመለሽ!» ይሉኛል በመስኮት። ጥሩምባ እየነፋሁ፣ እየለመንኩ፣ እየተሳደብኩ ሄድኩ። አንድ ሐሳብ ብቻ ነበረኝ፤ ፍራሹን በየት በኩል አስገብቼ ማንን ለሸክም እንደምጠራ አስብ ነበር።

መርሳ ልገባ ስል፣ የእኛ ማንጎዎች በሩቁ መታየት ከጀመሩ በኋላ፣ ጠዋት ስናልፍ ያልነበሩ ታጣቂዎች መንገዱ መሀል ቆመው አስቆሙኝ። የየትኛው ወገን እንደነበሩ አልነግራችሁም፤ እናንተ ወገን ለይታችሁ እንድትፈርዱልኝ አልፈልግም። መንገዱ ዳር፣ ጥላ ሥር፣ የቆሰሉ ልጆች ተደርድረዋል።

ጠና ያለው አንዱ በመስኮቱ አንገቱን አስገባ። ፊቴን አላየም። ቀጥታ ዳሽቦርዱን ነው ያየው።

«ነዳጅ አለው!» ብሎ ጮኸ ወደ ኋላ። «ሊሞላ ነው! አምጧቸው!»

«አይሆንም! አባቴ አሉ፣ አባቴን ላወጣ ነው» አልኩ።

«ውረጅ፣ እቴ። ቁስለኛ አለብኝ።»

«እዚያ፣ ማንጎዎቹ ይታዩሃል? እዚያ ናቸው፣ ተሰብረው ተኝተዋል። ላምጣቸውና መኪናውን ውሰደው። ከፈለግህ አንድ ሰው አብሮኝ ይሂድ። በእናትህ!»

«ከማንጎዎቹ ወዲህ ያለው ድልድይ እየተመታ ነው። ሄደሽ ባትመለሽስ? እነዚህ ይሙቱ?» አለና በሩን ከፈተ። ቁጣ አልነበረበትም፤ እሱ ነው ይበልጥ የሚያቃጥለኝ። «እዚህ ከቆምን ጀምሮ ያላስቆምነው መኪና የለም። ሁሉም ባዶ! አንድ እንኳን ነዳጅ ያለው ጠፋ። ተስፋ ቆርጠን ነበር። ፈጣሪ ነው አንችን የላከልን።»

ሁሉም ባዶ። ያ ሁሉ ሲያልፈኝ የነበረ ፒካፕና ሚኒባስ ሁሉ ባዶ። ከሥራቸው ስፒናቸው ተንጠልጥሎ፣ በናስትሮ ተጠምጥሞ፣ አልፈው ሄደዋል። እኔ ብቻ ነኝ እውነተኛ ጠቋሚ ይዤ የመጣሁት።

ልጆቹን ሲጭኑ ቆሜ አየሁ። አንደኛው ከሐያት ብዙም አይበልጥም፤ ሆዱን ይዞ «እማዬ» ይላል። ምን ልበል? መኪናው ፊት ልተኛ አስቤ ነበር፤ ያንን ልጅ ሳይ ግን መንገዱን ለቀቅኩ። «ነይ፣ ግቢ፣ አብረሽን ውጪ» አሉኝ። አልገባም አልኩ። መኪናው ዞሮ ሄደ።

በእግሬ ወደ መርሳ ሮጥኩ። ተኩሱ ጆሮ ይበሳል። ሰው እየሮጠ ወደ እኔ ይመጣል። አንድ ገበሬ ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝ። «የት ነው የምትሄጅው? ድልድዩ ተይዟል፤ ከዚያ ወዲያ ሰው አያሳልፉም» አለኝ። ልላቀቀው ታገልኩ። «ልጅ የለሽም?» ብሎ ጮኸብኝ። አለኝ። ሁለት ልጆች ውርጌሳ በረንዳ ላይ እየጠበቁኝ ነው። ማንጎዎቹ እዚያው ይታያሉ። ዞርኩ።

ውርጌሳ ስደርስ እንድሪስ ጆንያዎቹን አንድ ላይ ቆልሎ ላያቸው ላይ ተቀምጧል። ብቻዬን፣ በእግሬ፣ ጭቃ በጭቃ ሆኜ ስመጣ አየኝ።

«መኪናዬስ?» አለ።

አባባስ አላለኝም።

ልጆቼን ይዤ በእግርም በጭነት መኪናም ደሴ ገባሁ። ስደቱን አልተርክላችሁም፤ ብዙ ሰው ተርኮታል። መንገዱ የተከፈተው ከወራት በኋላ፣ ብርዱ ሲጠና ነው። መርሳ ስገባ አጥሩ አለ፣ ቤቱ አለ፣ በረንዳው ላይ አልጋው የለም። እትዬ አስካለ ሲያዩኝ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ፤ ከዚያ በኋላ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ተቀምጠን ካለቀስን በኋላ ነገሩኝ። አባቴ ከሄድን ጀምሮ በየጠዋቱ «ደጅ አውጡኝ» ይሉ ነበር። እትዬ አስካለና የተረፉት ጎረቤቶች አልጋቸውን ተሸክመው መንገዱ ዳር ያወጧቸዋል፤ ሲመሽ ያስገቧቸዋል። መኪና በሰሙ ቁጥር አንገታቸውን ቀና ያደርጋሉ። ጀሶው ውስጥ እግራቸው አበጠ፣ ሸተተ። ጤና ጣቢያው ተዘርፎ ክኒን እንኳን አልነበረም። ትኩሳቱ ከያዛቸው በኋላ ብዙም አልቆዩ። የቀሩት ሽማግሌዎች አጥበው፣ ሰግደው ቀበሯቸው።

«ስለ እንድሪስ አንድ ቃል ነበራቸው» አሉኝ እትዬ አስካለ። «እኛ ስንማረርበት ተቆጡን። ‹ነዳጅ አጥቶ ነው እንጂ እንድሪስ ይቀራል? ባዶ ሰልባቲዮ ይዞ ምን ያድርግ? እኔ በዱንያም በአኺራም አፉ ብዬዋለሁ፣ ይቅር ብዬዋለሁ፤ አደራ ንገሩት› አሉ።»

እኔ ለእትዬ አስካለ ምንም አልተነፈስኩም። ያን ጊዜ ብናገር ጩኸት እንጂ ቃል አይወጣኝም ነበር።

ምን ተለወጠብሽ ትሉኝ ይሆናል። ስሙን ሳልጠራ ታሪኩን የነገርኩት ሁሉ አንድ ነገር ይለኛል፦ «ፋጤ፣ ስፒናውን ባትሰኪው ኖሮ'ኮ ያልፉሽ ነበር። ባዶ ነው ብለው ይለቁሽ ነበር።» ይኸን ሲሉኝ ብልህ የሆኑ ይመስላቸዋል። እኔ ያላሰብኩት መሰላችሁ? ዳገት ላይ፣ ተማሪ አጠገቤ ተቀምጦ፣ እንጀራ ስቆርስ፣ ሁልጊዜ አስበዋለሁ። ግን እኔ ጥፋተኛ ነኝ ብዬ አልቀበልም! ጠቋሚ የተሠራው እውነቱን እንዲናገር ነው። እኔ እውነቱን ስለሰካሁ ከሆነ አባቴ የቀሩት፣ ያንን ለእኔ አትንገሩኝ፤ ሽቦ ሲነቅሉ ለከረሙት ንገሯቸው። ደግሞ እነዚያ የቆሰሉ ልጆች እዚያ ጥላ ሥር ሲደሙ የዋሉት በማን ነው?

የተለወጠብኝ ሌላ ነው። ወሎ ሰው «የለኝም» ካለ የለውም ብሎ የሚያምን አገር ነበር። አባቴ እንደዚያ አምነው ሞቱ። እኔ ግን ዛሬ ደጄ ላይ የቆመ የተራበ ሰው «የለኝም» ሲለኝ፣ እጄ እየሰጠው ዓይኔ ከሥሩ የተነቀለ ሽቦ ይፈልጋል። ይኼ ደስ የሚል ኑሮ አይደለም። እናንተም መኪና ያላችሁ ሰዎች፣ አንድ ቀን ሰው ሲለምናችሁ ጠቋሚያችሁን ልታሳዩት ስትሞክሩ የምለምናችሁ፣ ዝም ብላችሁ «አልወስድህም» በሉት። ቢያንስ እየጠበቀ አይሞትም።

ባሌ በሕይወት ተመልሷል፣ አልሐምዱሊላህ። ወንድሙ ቤት አይሄድም፤ እኔ አትሂድ አላልኩትም። ባለፈው ረመዳን ሊገባ ሲል ግን የመርሳ ሽማግሌዎች እንድሪስን ይዘው ወልድያ ቤቴ መጡ። ቂም ይዞ ጾም የለም ብለው ነው። ምንጣፍ አነጠፍኩ፣ አስቀመጥኳቸው። እንድሪስ አርጅቷል። በጉልበቱ ተንበርክኮ «ፋጤ፣ አፉ በይኝ» አለ።

«ለምኑ?»

«ለሆነው ሁሉ።»

«የሆነውን በእነዚህ ሰዎች ፊት ተናገርና አፉ ልበልህ።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ አንዳቸውም የሚያውቁት ነገር የለም። የሚያውቁት መርሳ ሁሉ የሚያውቀውን ነው፦ ምስኪኑ እንድሪስ ነዳጅ አጥቶ አልተመለሰም፣ መኪናውንም በጦርነቱ አጣ። እሱም አንገቱን እንደ ደፋ ቀረ።

ትልቁ ሽማግሌ አዘኑብኝ። «ልጄ፣ አባትሽ እንኳን ሞት አፋፍ ላይ ሆነው አፉ ብለውታል። አንች ከአባትሽ ትበልጫለሽ?»

«አልበልጥም፣ አባባ» አልኳቸው። «አባቴ አፉ ያሉት ነዳጅ ያጣውን እንድሪስን ነው። እሱ ይምጣ፣ እኔም አፉ እለዋለሁ።»